ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ለበረራ ሲሙሌተር ኮምፒውተር ለምትገዙ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ ስለ ኮምፒውተር እያሰቡ እንዳልነበር የታወቀ ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ላፕቶፕ ገዝተን ከተመለስን ወዲህ ይህ ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠመጥመው ስሙን ነው። «አይ 7 ነው»፣ «ግራፊክሱ 8 ጊጋ ነው» እንላለን። ምን እንደሚሠራልን የምንማረው ገንዘቡ ከኪሳችን ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፌ ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ማለትም በቤት ኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ለማስኬድ ስለሚያስፈልገው ዕቃና ሴቲንግ ያለኝን አቋም አቀርባለሁ። አቋሜ አጭር ነው። ለሲሙሌተር የሚሆን ኮምፒውተር የሚመረጠው ልንበር ካሰብነው በረራ ተነስቶ እንጂ ከሱቅ መደርደሪያ ተነስቶ አይደለም፤ የምስል ውበት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው መምጣት ያለበት። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

«አውሮፕላን አይደለም ሮኬት ያስነሳልሻል»

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከፓይለትነት ሌላ ሙያ አስቦ አያውቅም። ቤታችን ከቦሌ ኤርፖርት ብዙም ስለማይርቅ በላያችን የሚያልፈውን አውሮፕላን በድምፁ ብቻ «ይኼ ድሪምላይነር ነው፣ ይኼ ኪው 400 ነው» እያለ ይለያል። አረብ አገር የምትሠራ አክስታችን ይህን ስለምታውቅ ፈተናውን ማለፉን ስትሰማ የላፕቶፕ መግዣ ላከችለት። ገንዘቡ የስንት ወር ደመወዟ እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ሱቅ ውስጥ ያገኘነው ሻጭ ትሁት ልጅ ነው። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አወጣና «እህቴ፣ ይኼ አይ 7 ነው። 16 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ አለው። አውሮፕላን አይደለም ሮኬት ያስነሳልሻል» አለኝ። ከፍቶም አሳየን፤ እውነትም ስክሪኑ ላይ 8 ጊጋ ይላል። ወንድሜ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ጋዜጠኝነት የምማረው፣ መጠየቅ የምማረው እኔ ነኝ። ያላወቅሁ እንዳልመስል ግን ራሴን ነቀነቅሁ። ገዛን።

ቤት ስንደርስ ኤክስ-ፕሌን 11 ጫነና ሴስና 172 ይዞ ቦሌ አኮብኳቢያ ላይ ቆመ። በሰከንድ 9 ፍሬም! መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ምስሉ ዘግይቶ ይመጣል፤ መልሶ ሊያስተካክል ሲል ከመስመሩ ወጥቶ ሣር ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀን ሞከረ። በአራተኛው ቀን «ተይው በቃ፣ እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋው። በዚያው ሳምንት አክስታችን ደውላ «እንዴት ነው የኔ ልጅ፣ በረረልህ?» ስትለው «አዎ አክስቴ፣ አሪፍ ነው» ሲላት ሰማሁ። እኔም ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

8 ጊጋው የት ሄደ?

ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ኮር አይ 7-7500ዩ ይባላል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሲሆን ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ባትሪ እንዲቆጥብ በ15 ዋት እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተነደፈው። በ2017 የወጣው የዴስክቶፑ ኮር አይ 5-8400 ደግሞ ስድስት ኮር አለው፤ የተነደፈውም ለ65 ዋት ነው። በስም ካየነው 7 ከ5 ይበልጣል። በሥራ ግን ይኼ አይ 5 የኛን አይ 7 ጥሎት ይሄዳል። ለካ ዋናው ነገር ያለው ከስሙ ቀጥሎ ባሉት አራት ቁጥሮችና መጨረሻ ላይ ባለችው አንዲት ፊደል ነው።

ስምንቱ ጊጋስ? ላፕቶፑ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምስሉን የሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ኢንቴል ኤችዲ 620 ነው። ዊንዶውስ ለእንዲህ ዓይነቱ ግራፊክስ የራሙን ግማሽ ያህል እንዲዋስ ይፈቅድለታል፤ ስክሪኑ ላይ ያየነው 8 ጊጋም ከ16 ጊጋው ራም የሚወሰድ ብድር ነው። ለራሱ ተብሎ የተመዘገበለት 128 ሜጋ ብቻ ነው። ሻጩ ዋሸ ማለት ይከብደኛል፤ ቁጥሩ እኮ እዚያው ተጽፎ አለ። እኔ ግን «የራሱ ነው ወይስ ከራም የሚጋራው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ይህች አንድ መስመር ጥያቄ ናት፤ የአክስታችንን ገንዘብ የበላችውም እሷ ናት።

እንጀራውና ምጣዱ

ብዙ ሰው ሲሙሌተርን እንደ ኳስ ወይም እንደ ተኩስ ጨዋታ ስለሚያየው «ዝም ብለህ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ግዛ» ይላል። ካርድ አያስፈልግም አልልም። ነገር ግን ሲሙሌተር ከምስሉ ጀርባ በየቅጽበቱ የሚያሰላው ብዙ ነገር አለ፦ ክንፉ ላይ የሚያርፈው አየር፣ የሞተሩ ሙቀት፣ የነዳጁ ክብደት፣ የበረራ መሣሪያዎቹ ንባብ፣ በአካባቢው የሚበሩ ሌሎች አውሮፕላኖች። ኤክስ-ፕሌን ለምሳሌ ክንፉንና ፕሮፔለሩን በትናንሹ እየከፋፈለ በእያንዳንዷ ክፍል ላይ ያለውን ኃይል ለየብቻ ያሰላል። ይህ ሥራ በአብዛኛው አንዱ የሌላውን ውጤት እየጠበቀ በተራ የሚሄድ ነው። አሥር ጋጋሪ ብንቀጥርም ያለን አንድ ምጣድ ከሆነ እንጀራው የሚደርሰው በምጣዱ ፍጥነት ልክ ነው። ለሲሙሌተር ፕሮሰሰር ስንመርጥ ከኮሮቹ ብዛት በፊት የአንዱ ኮር ፍጥነት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ የተባለውን በ2006 ሲያወጣ፣ ሁሉንም ሴቲንግ ከፍ አድርጎ የሚያስኬደው የቤት ኮምፒውተር ማግኘት ከባድ ነበር። ፕሮግራሙ የተሠራው የአንድ ኮር ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል በሚል ሒሳብ ነው። አምራቾቹ ግን ፍጥነቱን መጨመሩ ሲያስቸግራቸው ኮር ወደ ማብዛቱ ዞሩ። በ2007 የወጣው ማሻሻያ ከሥራው ከፊሉን ለሌሎች ኮሮች ቢያካፍልም ዋናው ሸክም አንድ ኮር ላይ ቀረ። ስለዚህም ከዓመታት በኋላ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ጭምር ከዚህ ሲሙሌተር ጋር ሲታገሉ ኖረዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ከቀዳሚው 5800ኤክስ በሰዓት ፍጥነት ዝቅ ያለ ነው። ሆኖም ፕሮሰሰሩ በቅርብ የሚያስቀምጠው ማከማቻ፣ ካሽ የሚባለው፣ ከ32 ወደ 96 ሜጋ አድጎለታል። የሲሙሌተር ሰዎች የተሻሙበትም ለዚህ ነው፤ የሚያሰላውን ነገር ከራም እስኪመጣ ብዙ አይጠብቅም። እንግዲህ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥርና ለኛ የሚጠቅመው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ስለ ቀሪው ዕቃ በአጭሩ ልበል። ራም 16 ጊጋ ከሆነ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ይፈጥናል፤ ከራም ለሚዋሰው ግራፊክስ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ይታያል። ኤስኤስዲ የፍሬም ቁጥር ብዙም አይጨምርም። የሚያሳጥረው መጫኛ ጊዜውን ነው፤ አዲስ መሬት ሲመጣ የሚታየውን መቆራረጥም ይቀንሳል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ሲነሳ ጥሩ ይሄድና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቢንቀራፈፍ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን ቀንሶ ይሆናል። ከሥሩ ከፍ አድርጎ አየር ማስገባትና የፋኑን አቧራ ማስጠረግ ገንዘብ አይፈጅም። ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ሲሠራም ፍጥነቱ ይቀንሳል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ማወቅ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ብሎ ከመደንገጥ ያድናል።

ምስል የሌለው ሲሙሌተር

«ምስሉ ካላማረ ምኑን በረርኩት?» የሚል ይኖራል። ለሱ የኤድዊን ሊንክን ታሪክ ልንገረው። ሊንክ አሜሪካዊ ነው፤ አባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው። ከኦርጋን ሥራ የሚያውቀውን በአየር የሚነፋ ወናፍ ተጠቅሞ በ1929 እንደ አውሮፕላን የሚያጋድልና የሚዞር ማሠልጠኛ ሠራ። በ1934 የአሜሪካ ጦር ፓይለቶች ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ታዘው በጭጋግና በመጥፎ አየር ብዙዎቹ ሲሞቱ ጦሩ ስድስቱን ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ በራሪዎች ሠለጠኑበት። ታዲያ ባይገርማችሁ ይህ ማሠልጠኛ ምንም ምስል አልነበረውም። ሠልጣኙ ክዳን ተዘግቶበት መሣሪያዎቹን ብቻ እያነበበ ነው የሚበረው። ትምህርቱም ያ ነበር፤ ዓይንህ በማያይበት ጊዜ መሣሪያህን እመን።

እርግጥ ተቃራኒውም እውነት አለው። መሬት እያየ የሚበር ሰው ከቦሌ ተነስቶ ወደ ቢሾፍቱ ሲሄድ የረርን፣ ዝቋላንና ሐይቆቹን ለይቶ ማወቅ አለበት። ለዚያ የመሬቱ ቅርጽ በትክክል መታየት ይኖርበታል። ነገር ግን የተራራ ቅርጽና የዛፍ ጥላ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሴቲንጉ ውስጥም ለየብቻ ነው የተቀመጡት። ለመዝናናት ብቻ የሚበርና ገንዘቡ ያለው ሰው ደግሞ ውበቱን ቢያስቀድም ማንም አይከለክለውም። የኔ ክርክር ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣለት ሰው ነው።

ምን ልትበሩ ነው?

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። በ2020 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የዓለምን ምስል ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚያሳየው። ዝቅተኛው መስፈርት 8 ጊጋ ራም፣ 2 ጊጋ የራሱ የሆነ ግራፊክስና 150 ጊጋ ዲስክ ነው። በተጨማሪ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የሚመከረው 20 ነው። በኅዳር 2024 የወጣው ተተኪው ከዲስኩ 50 ጊጋ ብቻ ቢጠይቅም ይበልጡን ከኢንተርኔት ነው የሚስበው፤ ዝቅተኛው ራምም ወደ 16 ጊጋ ከፍ ብሏል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ማለት ሲሙሌተሩ ከተገዛ በኋላም በየወሩ ያስከፍላል ማለት ነው። ይህን በሱቅ የሚነግራችሁ የለም።

ኤክስ-ፕሌን መሬቱን ዲስክ ላይ ነው የሚጭነው። ሲጫን የምትፈልጉትን የዓለም ክፍል ብቻ መምረጥ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመብረር ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ፍላይትጊር የሚባለው ደግሞ ከ1997 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ የመጣ፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲሙሌተር ነው። በሊኑክስም ይሠራል፤ የአንድ አካባቢ መሬት አስቀድሞ ወርዶ ሊቀመጥ ይችላል። እንደ ማይክሮሶፍቱ አያምርም። በደካማ ላፕቶፕ ሴስና 172 አስነስቶ ዙር አድርጎ ማሳረፍን ለመለማመድ ግን ይበቃል።

ገንዘብ ከተረፈ እኔ ከካርድ በፊት ጆይስቲክ እገዛለሁ። በኪቦርድ መብረር መኪናን በመብራት ማብሪያ ማጥፊያ እንደ መንዳት ነው፤ ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ፣ መሐል የለውም። እጀታው ወደ ጎን የሚጠመዘዝ ተራ ጆይስቲክ ከተገኘ የእግር መርገጫውንም ሥራ ይሠራል። ያገለገለ ከሆነና መሐል ላይ የማይረጋ ከሆነ ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለውን የመሐል ክፍተት ሴቲንግ ትንሽ ማስፋት ነው።

ሴቲንጉን አንድ በአንድ

ዕቃው ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ሴቲንግ ነው። እዚህ ላይ የኛ የጋዜጠኝነት ትምህርት ይጠቅማል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይሮ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ኤርፖርት፣ አንድ ሰዓትና አንድ የአየር ጠባይ ያዙ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና የፍሬሙን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ቀጣዩን።

መጀመሪያ ማነቆው ማን እንደሆነ እወቁ። ኤክስ-ፕሌን ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ለአንድ ፍሬም የሚወስዱትን ጊዜ ለየብቻ ያሳያል፤ የማይክሮሶፍቱም በዴቨሎፐር ሞድ ማን እንደያዘው ጽፎ ያሳያል። ፕሮሰሰሩ ከሆነ ሌሎች አውሮፕላኖችንና መኪናዎችን፣ የሕንጻና የዛፍ ብዛትን፣ የሚታየውን ርቀት ዝርዝር ቀንሱ። ግራፊክሱ ከሆነ የስክሪን ጥራትን፣ የጠርዝ ማለስለሻውን፣ ደመናንና ጥላን ቀንሱ። በኤክስ-ፕሌን 11 ነጸብራቅ የሚባለው ብዙ ይበላል፤ ማጥፋቱ ለመብረር ምንም አይጎዳም።

ከዚያ ፍሬሙን አንድ ቦታ ላይ ያዙት። በቴሌቪዥን ትምህርታችን 24 እና 25 ፍሬም ለዓይን እንደሚበቃ ተምረናል። በሲሙሌተር ግን እጃችን ውስጡ ስላለ ትንሽ ከፍ ቢል ደስ ይላል። ቋሚ 30፣ አንዴ 60 አንዴ 18 ከሚል በብዙ ይሻላል። እጅ የሚለምደው የማይለዋወጥ ነገርን ነው።

እዚህ ላይ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። ኤክስ-ፕሌን ፍሬሙ ከ20 አካባቢ በታች ሲወርድ ስሌቱ እንዳይዛባ ብሎ የሲሙሌተሩን ጊዜ ራሱ ያዘገያል። ወንድሜ በ9 ፍሬም ሲበር የነበረው በግማሽ ፍጥነት በሚሄድ ዓለም ውስጥ ነበር ማለት ነው። እጁ የተሳሳተ ጊዜ እየለመደ ነበር። «አልተፈጠርኩም» ያለው ልጅ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የኮምፒውተሩም አይደለም። ፍሬሙን ካስተካከልን በኋላ ሴስናው ከቦሌ አልነሳ ብሎ አኮብኳቢያውን ሲያጋምስ «አሁንም ይጎተታል» አለኝ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,324 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሴስናው መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ከመነሳታችሁ በፊት የነዳጁን ድብልቅ አሳሱ ይላል። ቀዩን እጀታ ሳበ፤ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ፤ ተነሳ። የዚያን ዕለት የተማረው ነገር ከየትኛውም ግራፊክስ ካርድ አይገኝም።

የኛ ድርሻ

ላፕቶፑን አልለወጥነውም፤ የሚለውጠን አልተገኘም። አንዱን ባለ 16 ራም በሁለት ባለ 8 ለወጥን፣ ፋኑን አስጠረግን፣ ነጸብራቁን አጠፋን፣ ሕንጻውን ቀነስን፣ የስክሪኑን ጥራት አወረድን። ኤክስ-ፕሌን 11 በ25 ፍሬም አካባቢ ይሄዳል፤ ፍላይትጊር 30 ይይዛል። አዲስ አበባ ሕንጻ የሌላት መስክ መስላ ትታያለች። ወንድሜ ግን አሁን መሐል መስመሩን ይዞ ያርፋል።

ይህ ማለት ፓይለት ሆነ ማለት አይደለም። በቤት ኮምፒውተር የሚበር ሰዓት ለመንጃ ፈቃድ አይቆጠርም። ለዚያ የሚቆጠረው በአቪዬሽን ባለሥልጣን በተፈቀደ ማሠልጠኛ የተሠራ ብቻ ነው። እሱም ያውቀዋል። ያገኘው ነገር ቢኖር ለመግቢያ ፈተናው በሚያጠናበት ጊዜ የሚያነበውን በእጁ የሚሞክርበት ቦታ ነው።

የኔ ጥያቄ ወደ እኛ ወደ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ነገ የቴክኖሎጂ ዓምድ ብንይዝ ምን እንጽፋለን? «ኃይለኛ ኮምፒውተር» ብለን ከማስታወቂያው የቀዳነውን ዝርዝር እንደረድራለን? ወይስ «ለምን ሥራ? ለማን ኪስ? የራሱ ነው የጋራ?» ብለን እንጠይቃለን? አንባቢያችን ያችን ጥያቄ ሱቅ ውስጥ ለመጠየቅ ሊያፍር ይችላል፤ እኔም አፍሬያለሁ። እኛ በጽሑፍ ጠይቀንለት ከሄደ ግን አያፍርም።

ባለፈው እሁድ አክስታችን ደውላ ነበር። ወንድሜ ይህን ጊዜ ላፕቶፑን ወደ ስልኩ አዙሮ ማረፉን በቪዲዮ አሳያት። «ቤቶቹስ የት ሄዱ?» አለችው። «አጠፋኋቸው፣ ከባድ ናቸው» አላት። ሳቀች።

ቸር እንሰንብት።